ጥቅሉ የማይዛቸው ነገሮች፦ በሌላ ሰርቨር ላይ የማይሠራ የጃቫ ድር መተግበሪያን የመመርመር ዘዴ

በጃቫ የተጻፈ የድር መተግበሪያ ለአገልግሎት ሲዘጋጅ «ዋር» በሚባል አንድ ፋይል ይጠቀለላል። ፋይሉን እንደ ቶምካት ወዳለ ሰርቨር መገልበጥ ብቻ የሚበቃ ይመስላል። በመሆኑም በገንቢው ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ይሠራ የነበረ መተግበሪያ በሌላ ሰርቨር ላይ «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን የ404 መልስ ሲሰጥ፣ ብዙዎች ኮዱን መመርመር ይጀምራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለማስተርስ ጥናቱ ባዘጋጀው የተማሪዎች መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ በዚሁ መንገድ ሁለት ቀን አባክኗል። ጥቅሉ የሚይዘው ፕሮግራሙን እንጂ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን አካባቢ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ካለው ልዩነት መነሣት ይኖርበታል።

የመዝገብ ንባብ

የመጀመሪያው እርምጃ ሎግ የሚባለውን የሰርቨሩን መዝገብ ማንበብ ነው። የ404 ቁጥር ውጤቱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። መተግበሪያው ገና ሲነሣ ከተሰናከለ፣ «ካታሊና» በተባለው የቶምካት ዋና መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዝርዝሩ በሌላ ፋይል መኖሩን የሚጠቁም አጭር መልእክት ነው። ዝርዝሩ ስሙ «ሎካልሆስት» ብሎ በሚጀምረው ፋይል ውስጥ ይገኛል። በዚያም «ኮዝድ ባይ» ከሚሉት መስመሮች የመጨረሻው በአብዛኛው መሠረታዊውን ምክንያት ይናገራል።

የስሪት ልዩነት

በጃቫ 17 ኮምፓይል የተደረገ ኮድ ጃቫ 8 ባለበት ሰርቨር ላይ ሲጫን፣ መዝገቡ 61 እና 52 የሚሉ ቁጥሮችን ያወጣል። የፊተኛው የጃቫ 17፣ የኋለኛው የጃቫ 8 መለያ ነው። መፍትሔው የሰርቨሩን ጃቫ ማሳደግ ወይም ኮዱን ለቀድሞው ስሪት እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው።

የቶምካት ስሪት ልዩነት ግን ይበልጥ ስውር ነው። ጃቫ ኢኢ ከኦራክል ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ከተዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 «ጃቫክስ» ይባሉ የነበሩትን የፓኬጅ ስሞች ወደ «ጃካርታ» ለወጠ። ቶምካት 9 የቀድሞውን ስም ሲጠቀም ቶምካት 10 አዲሱን ይጠቀማል። በቀድሞው ስም በአኖቴሽን የተመዘገቡ ሰርቭሌቶችን ቶምካት 10 ስለማያውቃቸው፣ ያለ ስሕተት መልእክት ያልፋቸዋል። መዝገቡ «ተጭኗል» እያለ አሳሹ 404 ያሳያል። የጽሑፉ አቅራቢ ያጋጠመው ይኸው ነበር። በዚህ ጊዜ መተግበሪያውን በቶምካት 9 ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም የአፓቺ ቶምካት ፕሮጀክት ባዘጋጀው መቀየሪያ ፋይሉን መለወጥ ይቻላል።

የፊደል ጉዳይ

መተግበሪያው ከተነሣ በኋላ ሌላ ችግር ታየ፤ በአማርኛ የተጻፉ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክት ተለወጡ። እስከ ጃቫ 17 ድረስ ጃቫ ነባሪውን ኢንኮዲንግ የሚወስደው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነበር፤ ዩቲኤፍ-8 በየትኛውም ሲስተም ነባሪ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ወዲህ ነው። ጽሑፍ ወደ ባይት በሚለወጥበት ጊዜ ኢንኮዲንጉ የኢትዮጵያን ፊደል የማይዝ ከሆነ፣ ጃቫ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «አበበ» እና «ከበደ» ሁለቱም ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። ይህ በዳታቤዝ ከተቀመጠ በኋላ ስሙን ከምልክቱ መልሶ ማግኘት አይቻልም። በላቲን ፊደል ብቻ የተደረገ ሙከራ ችግሩን አያሳይም፤ የአቅራቢው ሙከራም እንዲሁ ነበር። ጉዳቱ በሙከራ መዝገብ ላይ የተወሰነ ቢሆንም ስሞቹ ሁሉ እንደገና በእጅ ገብተዋል። በምዝገባ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ስማቸውን የሚያጡት ተማሪዎቹ በሆኑ ነበር። መፍትሔው በኮዱም ሆነ በዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8ን በግልጽ መወሰን ነው።

ማጠቃለያ

ጥቅሉ ከመላኩ በፊት የጃቫው ስሪት፣ የቶምካቱ ስሪት፣ ኢንኮዲንጉና የዳታቤዙ አድራሻ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከመድረሻው ሰርቨር ጋር ቢነጻጸሩ፣ አብዛኛው ምርመራ ሳይጀመር ያልቃል። ዊንዶውስ የፋይል ስሞችን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ ሲያይ ሊኑክስ ስለሚለያቸው፣ ይህም በዝርዝሩ ሊካተት ይገባል። እንደ ዶከር ያሉ ዘዴዎች ጃቫንና ቶምካትን አብረው ስለሚጠቀልሉ ልዩነቱን ያጠብባሉ፤ ሆኖም ዳታቤዙ ከጥቅሉ ውጭ ሊቀር ይችላል። የመጨረሻው ፈተና በአዲሱ ሰርቨር ላይ አንድ ስም በአማርኛ መዝግቦ መልሶ ማንበብ ሊሆን ይገባል።