መቅደላ በስንዝር ብራና

መርካቶ ውስጥ ባህላዊ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ያለ ሰው፣ መስቀሉንና የቀንድ ዋንጫውን አልፎ የብራና ሥዕሎች ላይ ዐይኑ ማረፉ አይቀርም። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ትጓዛለች፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፤ የዓድዋ ጦር ይተማል። ድል የሌለበት ሥዕል ግን አንድ ነው፦ ሹሩባ የተሠሩ ንጉሥ ሽጉጥ አፋቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስንዝር የማይሞላ ብራና ላይ ሳይቀር ይሣላሉ።

ታሪኩን አንባቢ ስለሚያውቀው ለሥዕሉ የሚበቃውን ብቻ እናንሳ። ንጉሡ በ1855 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። የስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ተዋጉ። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ እንግሊዞች የመቅደላን አምባ ሰብረው ሲገቡ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። የሞቱበት ሽጉጥ ራሷ ቪክቶሪያ የላከችላቸው ስጦታ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው በዛ እንለው ነበር።

ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሟቹን ፊት በእርሳስ ነድፏል። እሱ የሣለው ሬሳ ነው። የእኛ ሠዓሊዎች የሚመርጡት ከዚያ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው፤ ንጉሡ ገና በእግራቸው ቆመዋል፣ ቃታው በጣታቸው ሥር ነው፣ ወታደሮቹም አልደረሱባቸውም። ማራኪ አለ፣ ምርኮኛ ግን የለም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ዐይናቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ክፉውና ከሐዲው በጎን፣ በአንድ ዐይን። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን የምንለየው በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራስን ማጥፋትን ከከባድ ኃጢአት ትቆጥራለች፤ ይሁዳም የሞተው በገዛ እጁ ነው። የብራናው ሠዓሊ ግን ለቴዎድሮስ ሁለት ዐይን ይሰጣል፣ አንድ ዐይኑን ለእንግሊዞቹ ያስቀራል። ሊቃውንት ሊከራከሩበት የሚችሉትን ጉዳይ እሱ በብሩሽ ጨርሶታል። አስከሬናቸውም የተቀበረው እዚያው መቅደላ፣ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህ ፍቅር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በዘመናቸው ማብቂያ ብዙ አገር ሸፍቶባቸው፣ በቅጣታቸውም ተማርሮ ነበር። በኋላ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ሲነበቡ ያደገ ትውልድ ባለራእዩን ንጉሥ አነሣ። የሥዕሉ ገዢም ከዚሁ ትውልድና ከልጆቹ መካከል ነው፤ ቱሪስት ብቻ አይደለም።

ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ በስለት ይፋቃል፣ ሲደርቅም ታሽቶ ይለሰልሳል። ሠዓሊው ነድፎ ቀለም ይሞላል፣ በመጨረሻ በጥቁር መስመር ይከብበዋል። የድሮዎቹ ቀለም ከዕፅዋትና ከአፈር ይቀምሙ ነበር፤ ዛሬ የሱቅ ቀለም ይበቃል። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር የሠዓሊው እጅ ይፈተናል፤ ጎበዙ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ፊቱን ያወጣዋል።

በጥቃቅን መጠን ንጉሥ የሚሠራው የእኛ ሠዓሊ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ያለው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ኩባንያ የልብ ወለድ ነገሥታትንና ተዋጊዎችን በትንንሽ ፕላስቲክ ቅርጽ ሠርቶ ይሸጣል፤ ሰብሳቢዎችም ገዝተው በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀቧቸዋል። የሚወድቁት ነገሥታት ሁሉ የፈጠራ ናቸው። የመርካቶው ንጉሥ ግን የምር ወድቀዋል፤ የጣላቸውም ጦር ከዚያው አገር የመጣ ነው።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጀርባውን ይገልብጥ። እውነተኛ ቆዳ የጠጉር ቀዳዳ ነጠብጣብ አይጠፋበትም፤ ብርሃን ላይ ሲያዙት አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው ይሳሳል። የታተመ ከሆነ መስመሩ ሁሉ እኩል ይሆናል፤ በእጅ የተሣለ መስመር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ አንዳንዴም ይስታል። እርጥበት ያጨማድደዋልና መስታወት ውስጥ አድርጎ ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ይበጃል። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይሉ ደግሞ እንዳይከፍሉ። «ጥንታዊ ነው» የተባለለትን ወደ ውጭ ለመውሰድ ካሰቡ አስቀድመው የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።