ብርሃን አሳላፊ ሥዕልና ቅርጽ በጽሕፈት ፕሮግራም፤ አጭር ዳሰሳ

ፒኤንጂ የተባለው የሥዕል ፋይል በጁን 2025 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው የደንብ እትም ወጥቶለት ተንቀሳቃሽ ሥዕልንና ከቀድሞው እጅግ የሰፋ የብርሃን መጠንን በይፋ ስለ ተቀበለ፣ ይኸው ፋይል በ1996 የመጀመሪያው ደንቡ ከጸደቀለት ወዲህ ለተራው ጸሓፊ ያደረሰው ሥዕልን ብርሃን አሳላፊ የማድረግ ጥበብ፣ በምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ዛሬ ከምን እንደ ደረሰ መመርመር ጊዜው ነው።

በወርድ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ አሁን ቀላል ሆኗል፤ ሥዕሉን መርጦ ትራንስፓረንሲ የሚለውን ቁልፍ ከተጫነ መጠኑን በመቶኛ ይወስናል። ነገር ግን ይህ ቁልፍ እስኪመጣ ድረስ ጸሓፊው አራት ማዕዘን ስሎ፣ ውስጡን በሥዕሉ ሞልቶ፣ ከዚያም የሥዕሉን ሳይሆን የቅርጹን አሳላፊነት ሲያስተካክል ለብዙ ዓመታት መኖሩ፣ ያን ያህል ለገነነ ፕሮግራም የማይመጥን ስንፍና ነበር ከማለት የሚከለክለኝ የለም። በሊብሬኦፊስ የሥዕሉን አሳላፊነት መጠን በቀጥታ መወሰን ይቻላል፤ በ2020 በወጣው 7.0 እትሙም ፊደላትን ሳይቀር ከፊል አሳላፊ አድርጓል። ጎግል ዶክስ አንዲት ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ሰጥቶ ዝም ብሏል። ስለ ቅርጾች ብዙ የሚባል የለም፤ የውስጡ ቀለምና የዳሩ መስመር ለየብቻቸው መቶኛ አላቸው፣ ይኸው ነው። ከደብዳቤ ጀርባ ደብዝዞ የሚታየው የወርድ ዋተርማርክም፣ ዋሽአውት በሚባለው መንገድ ሲሠራ፣ ብርሃኑ ከፍ የተደረገ ሥዕል እንጂ በእውነት አሳላፊ የሆነ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጸሓፍትን የሚያሳስተው አንድ ቀለም መርጦ ማጥፋት ነው። ይህ ልማድ ጂአይኤፍ በተባለው የሥዕል ፋይል የ1989 ደንብ ውስጥ የነበረው ነው፤ ከቀለማቱ አንዱ ብቻ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ የቀሩት ሁሉ ብርሃን ፈጽሞ የማያሳልፉ ሆነው ይቆያሉ። በወርድ ውስጥ ሴት ትራንስፓረንት ከለር የሚባለው መሣሪያ የዚሁ ወራሽ ስለሆነ፣ በስካነር የተነሣ ማኅተም ቢሰጡት አንዱን ነጭ ያነሣና ዓይን ከነጭ የማይለያቸውን እጅግ ብዙ ነጫጮች ይተዋል፤ በማኅተሙ ዙሪያ የሚቀረው የቆሸሸ ዳርም ከዚህ የመጣ ነው። እኔ ይህን አሳላፊነት ብዬ ልጠራው አልወድም፤ መቀስ ነው።

እውነተኛው አሳላፊነት የተገኘው በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ በነበሩት በአልቪ ሬይ ስሚዝና በኤድ ካትሙል ነው፤ እነርሱም ለእያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮቹ ጋር፣ ከበስተኋላው ያለውን ምን ያህል እንደሚጋርድ የሚናገር አራተኛ ቁጥር ጨምረው አልፋ ብለው ሰየሙት። በ1984 ደግሞ በሉካስፊልም የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ፣ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር የመደረብን ሥርዓት በ12 ስሌቶች ወስነው ሲያሳትሙ፣ ቀለሙ አስቀድሞ በአልፋው ተባዝቶ እንዲቀመጥ ደነገጉ፤ ስለዚህም ሥራ አራቱ ሰዎች በ1996 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ተሸልመዋል።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የፒኤንጂ ደራስያን የፖርተርንና የደፍን ድንጋጌ እያወቁ ተዉት፤ ቀለምና አልፋ ያለ ቱሳሔ፣ እያንዳንዱ በገዛ ራሱ ጸንቶ እንዲኖር ወሰኑ። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ በሚቆጥር ስፍራ ላይ ቀለም በአልፋ ሲባዛ ቁጥሩ ይጠጋጋል፣ የተጠጋጋው ወደ ጥንተ ተፈጥሮው አይመለስም፣ ፒኤንጂ ግን ምንም ላያጠፋ ቃል የገባ ፋይል ነው። ሆኖም ይህ ጽናት ዋጋ አለው። ፈጽሞ የማይታይ ፒክስል በውስጡ ነጭ ቀለም ተሸሽጎ ሊኖር ይችላልና፣ ሥዕሉን ሲያሳንሱት ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ያንን ስውር ነጭ ከጎረቤቱ ጋር አማካኝ አድርጎ ያወጣዋል፤ ተባዝቶ ቢቀመጥ ኖሮ የማይታየው ሁሉ ዜሮ ስለሚሆን ምንም ባልፈሰሰ ነበር። እኔስ ለማኖር የፒኤንጂን፣ ለመደረብ የፖርተርንና የደፍን እይዛለሁ፤ ጥሩ ፕሮግራሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሰነዱ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ አሳላፊነቱ ምን እንደሚሆን ባጭሩ እናገራለሁ፤ ፒዲኤፍ አሳላፊነትን የተቀበለው በ2001 በ1.4 እትሙ ሲሆን፣ ለቤተ መዛግብት የተደነገገው ፒዲኤፍ ኤ-1 ይከለክለዋል፣ በ2011 የወጣው ኤ-2 ግን ፈቅዶለታል።

በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ይህ ጥበብ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክቡን ማኅተምና የኃላፊውን ፊርማ በደብዳቤ ላይ ለመደረብ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ላሳስብ። የወርድ ዶኬክስ ፋይል የታሸገ ዚፕ ነው፤ ከፍተው ቢያዩት ሚዲያ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ማኅተሙ ለብቻው፣ ጸሓፊው በመቶኛ ያደበዘዘውም እንኳ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ማደብዘዙ ከጎኑ የተጻፈ ትእዛዝ ነውና። እንግዲህ ማኅተም የተደረበበትን ደብዳቤ በዶኬክስ ለማንም አትላኩ፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዓ.ም. ወጥቶለታል።