ቤት የማይገባ መድኃኒት

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው በደሳ የጫትና የቡና ከተማ ናት። ገበያ የዋለች ሴት ጫቷን ሸጣ ከመመለሷ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ትልና የሦስት ወሩን መርፌ ትወጋለች። ነርሷ ትንሿን የዴፖ ብልቃጥ ትነቀንቃለች፤ ከሥር የረጋው ነጭ ዱቄት ተበጥብጦ ወተት እስኪመስል። ከዚያ ክንድ ላይ ጠቅ፤ አለቀ። ወደ ቤት የሚገባ ኪኒን የለ፣ ፍራሽ ሥር የሚደበቅ ነገር የለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የወሊድ መቆጣጠሪያ ከሚጠቀሙት 36 በመቶ ያገቡ ሴቶች ውስጥ 23ቱ የመረጡት መርፌን ነው። ለምን እንደመረጡት ለሐረርጌ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ይህንኑ መንገድ የያዘ ሌላ መርፌ ነው፤ የሚከላከለው ግን እርግዝናን ሳይሆን ኤችአይቪን ነው። ካቦቴግራቪር ይባላል። እንደ ዴፖ ሁሉ ነጭ ድፍርስ ነው፤ ከመቀዳቱ በፊት ለ10 ሰከንድ አጥብቀው ይነቀንቁታል። 3 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለክንድ ይበዛል፤ የሚወጋው የመቀመጫ ጡንቻ ላይ ነው። ደቃቅ ክሪስታሎቹ እዚያው ተቀምጠው ቀስ በቀስ እየሟሙ ወደ ደም ይገባሉ። ቫይረሱ ዘረመሉን ከሰው ሴል ዘረመል ጋር የሚሰፋበትን ኢንዛይም መድኃኒቱ ይይዝበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በአንድ ወር ልዩነት፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ ይሰጣል። አሜሪካ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2022 እንዲሰጥ መከረ።

መርፌው ለምን እንዳስፈለገ ከማንም በላይ ያሳዩት ትራንስጀንደር ሴቶች ናቸው፤ ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴትነት የሚኖሩ። ከመርፌው በፊት የነበረው መከላከያ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው አይፕሬክስ በተባለው ጥናት 339 ትራንስጀንደር ሴቶች ነበሩ። እውነተኛውን ኪኒን ከተሰጣቸው 11፣ ባዶውን ከተሰጣቸው 10 በቫይረሱ ተያዙ። ላይ ላዩን ሲታይ ኪኒኑ ምንም አልፈየደም። ደማቸው ሲመረመር ግን፣ ኪኒኑ ደርሷቸው ከተያዙት መካከል ቫይረሱ በታወቀ ጊዜ መድኃኒቱ በደሟ የተገኘ አንዲትም አልነበረችም። አልዋጡትም ነበር። ብዙዎች ሴትነታቸውን የሚያጎላውን ሆርሞን ያዳክምብናል ብለው ይሰጋሉ። ሌሎች ደግሞ የኪኒኑ ብልቃጥ ከተገኘ «ቫይረሱ አለባት» መባልን ይፈራሉ፤ ጤነኛዋም የምትውጠው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነውና። ይህ ስንፍና አይደለም። የበደሳዋ ሴት ኪኒን ትታ መርፌ የመረጠችበት ፍርሃት ራሱ ነው።

ካቦቴግራቪር ከኪኒኑ ጋር በተነጻጸረበት ጥናት ከተካተቱት 4,566 ሰዎች 570 ያህሉ ትራንስጀንደር ሴቶች ነበሩ። መርፌ በተወጉት ላይ አዲስ የተያዙት ኪኒን ከሚውጡት በ66 በመቶ አነሱ፤ ሆርሞን መውሰድም የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ሲቀንሰው አልታየም። በሰባት የአፍሪካ አገሮች 3,224 ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ ልዩነቱ 88 በመቶ ደረሰ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ቅርጽ ለማስተካከል መቀመጫዋ ላይ ሲሊኮን ያስገባች ሴት እዚያ ልትወጋ አትችልም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ለገጠር ከተማ ከሁሉም የሚከብደው ይኼኛው ይመስለኛል። መርፌውን ያቋረጠ ሰው ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ ከዓመት በላይ በጥቂቱ ሊቆይ ይችላል። ያ መጠን ለመከላከል አይበቃም፤ በዚያ መሀል የተያዘ ሰው ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ምርመራ አለ፣ ቀጠሮም መከበር አለበት። የቡና ለቀማ ሲደርስ ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የበደሳ ነርሶች ያውቁታል።

በኢትዮጵያ መከላከያ ኪኒኑ በቅድሚያ የታሰበው ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዳቸው ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ነው። ትራንስጀንደር ሴት በዚያ ውስጥ ስሟ የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል፤ ሕጉ እሷን የሚያያት ደግሞ እንደ ወንድ ነው። ጤና ጣቢያ ብትመጣ እንኳ ማንነቷን ደብቃ ነው። እኔ ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስፈራኛልም። የምትፈልገው ገበያ የዋለችው ሴት ያገኘችውን ያህል ነው፦ የተዘጋ በር፣ አጭር ቆይታ፣ ቤት የማይገባ መድኃኒት።

ከዚህም የረዘመ መርፌ መጥቷል። ሌናካፓቪር በየስድስት ወሩ ሆድ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ትራንስጀንደር ሴቶች በነበሩበት ሌላ ጥናት ከ2,179 ሰዎች የተያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። አሜሪካ በሰኔ 2025 ስትፈቅደው የዓመት ዋጋው 28,218 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከ2027 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ120 አገሮች በዓመት 40 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ተመሳሳይ መድኃኒት እንደሚቀርብ ተነገረ። ይህኛው ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ነው። የበደሳዋ ነርስ እሱን መነቅነቅ እንኳ አያስፈልጋትም።