ስለ ጨውና ስለ ወንድሞቹ

«ጨው ሆይ፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌ ስለ ሰው ምግባር የተነገረ ነው። ነገር ግን ጨው ራሱ ከምን እንደ ተሠራ የሚመረምር ሰው ሌላ ትልቅ ትምህርት ያገኝበታል።

በወላይታ አገር ከቢጠና እስከ ሶዶ ጨው የማይገባበት ቤት የለም፤ ዳጣም ያለ ጨው ዳጣ አይባልም። በቀድሞ ዘመን ከአፋር ሜዳ እየተፈለጠ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ ጨው አብዛኛው የሚገኘው በዚያው በአፋር ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ሆኖም ጨውን ዕለት ዕለት ከሚበሉት ሰዎች መካከል ባሕርዩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ጨው የሁለት ንጥረ ነገሮች ውሕደት ነው፤ እነርሱም ሶዲየምና ክሎሪን ይባላሉ። ሶዲየም በቢላዋ የሚቈረጥ ለስላሳ ማዕድን ሲሆን ውሃ ሲነካው ይነዳል። ክሎሪን ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቢጫ ጋዝ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ያቃጥላል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1915 በጦር ሜዳ ወታደሮችን ለማጥፋት ተለቀቀ። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ከአይሮፕላን ያዘነቡት የሰናፍጭ መርዝም በውስጡ ክሎሪን ነበረበት። እንግዲህ ሁለት አጥፊዎች ተገናኝተው እንዴት የሰው ምግብ ሊሆኑ ቻሉ?

ምክንያቱ በአቶም አሠራር ይገለጣል። ኧርነስት ራዘርፎርድ የተባለው ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1911 እንዳስረዳው፥ በአቶም መካከል እጅግ ታናሽ አስኳል አለ፤ የአቶሙ ክብደት ሁሉ ማለት ይቻላል በእርሱ ውስጥ ነው። በአስኳሉ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች፥ በዙሪያውም ኤሌክትሮኖች በየእርከናቸው ይገኛሉ። የሶዲየም ኤሌክትሮኖች 11 ናቸው፤ በውስጠኛው እርከን 2፥ በሁለተኛው 8፥ በውጭኛው 1 ብቻ። የክሎሪን 17 ናቸው፤ 2፥ 8፥ በውጭም 7። የእነዚህ አቶሞች የውጭ እርከን ስምንት ሲሞላለት ይረጋል። ስለዚህ ሶዲየም ትርፍ የሆነችበትን አንዲቱን ይሰጣል፤ ክሎሪንም የጎደለችውን አንዲቱን ይቀበላል። የሰጠው 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን ስለሚቀረው አዎንታዊ፥ የተቀበለው 17 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን ስለሚኖረው አሉታዊ ይሆናል፤ ተቃራኒዎችም ስለሚሳሳቡ ይያያዛሉ። ጨው የሚባለው ይህ ትስስር ነው። አንዱ ከትርፉ፥ ሌላውም ከጉድለቱ ስላረፈ የቀድሞው ቍጣቸው ጠፋ።

ሌላም ዓይነት ትስስር አለ። ሁለት የክሎሪን አቶሞች ቢገናኙ ሁለቱም ጎደሎዎች ስለ ሆኑ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ እንደሚያርሱ፥ እነርሱም አንድ አንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዛሉ።

ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1869 ንጥረ ነገሮችን በተራ ሲደረድር፥ ጠባያቸው የሚመሳሰል እየተመላለሰ እንደሚመጣ አይቶ ቤተ ሰብ በቤተ ሰብ አሰለፋቸው። የክሎሪን ዋና ወንድሞች ፍሎሪን፥ ብሮሚንና አዮዲን ናቸው። ሁሉም በውጭኛው እርከን 7 ኤሌክትሮን ስላላቸው አንዲት ይፈልጋሉ፤ ኀይላቸው ግን እኩል አይደለም። ፍሎሪን ሁለት እርከን፥ ክሎሪን ሦስት፥ ብሮሚን አራት፥ አዮዲን አምስት አለው። ከእሳት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱ በርትቶ እንደሚሰማው፥ ከብዙ ሰው ጀርባ በሩቅ የተቀመጠው ግን ጥቂት ብቻ እንደሚደርሰው፥ የአስኳልም ስበት እርከን በጨመረ መጠን ይደክማል። ስለዚህ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ይልቅ ኤሌክትሮንን አጥብቆ የሚስብ ታናሹ ፍሎሪን ነው፤ ከአራቱ ወንድማማቾች ደካማው ደግሞ አዮዲን ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በሰው አንገትና በሰው ጥርስ ላይ ይታያል።

በደጋ አገር ዝናብ ለብዙ ዘመን አፈሩን ስላጠበው አዮዲን ያንሳል። በአንገት ያለው ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ ያነሰው እንደ ሆነ ያብጣል፤ ይህም እንቅርት ይባላል። ከዚህም የከፋው ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ስታጣ በማኅፀን ያለው ልጅ የአእምሮ ዕድገት መጎዳቱ ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም፥ ማለት ከአንድ ግራም ሺህ እጅ አንዱ እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደንብ ወጣ። ነገር ግን የተጨመረው አዮዲን በፀሐይ፥ በሙቀትና በእርጥበት እየተለየ በንኖ ይጠፋል። አስተዋይ የቤት እመቤት ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቃ ታኖራለች፤ ወጡም ሊወርድ ሲል ትጨምረዋለች።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የወላይታ ደጋ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርድ የሚደርሰው ከዚህ ሸለቆ ነው። ሸለቆው እሳተ ገሞራ የሠራው ስለ ሆነ ከዐለቱ የሚፈልቀው ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎሪን ይበዛበታል፤ ፍሎሪንን ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም ግን ያንስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ ከሸለቆው ጉድጓዶች ከ10 የሚያልፍ የተገኘባቸው አሉ። ፍሎሪን በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበልዛል፤ ብዙ ዓመት ከተጠጣም አጥንትን ያደርቃል። በዓይን አይታይም፥ በምላስም አይለይም። ውሃውን ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎሪኑ ስለሚቀር ይልቁን ይበረታል። መድኀኒቱ ጉድጓዱን በላቦራቶሪ ማስመርመር፥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፥ ወይም ውሃውን በአጥንት ከሰል ማጥለል ነው። በአጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎሪንን ይይዘዋልና፥ የሕያዋንን ጥርስ የሚጎዳው ያው ትስስር በከሰሉ ላይ ሲሆን ሰውን ያድናል።

እንግዲህ በደጋው እናት አንገት ላይ የሚታየው ጉድለት ነው፤ በቆላው ልጅ ጥርስ ላይ የሚታየውም ብዛት ነው። እንቅርት ያለባትን «የዘር እርግማን ነው» ብሎ የሚሸሻት፥ ጥርሱ የበለዘውንም «አፉን የማያጸዳ ሰነፍ» ብሎ የሚስቅበት ሰው በድሏል፤ ልጁ በቀን አሥር ጊዜ ቢፋቅ በለዙ አይለቅም፤ ከውሃው ነውና። የተማረ ሰው ከመስደቡ በፊት ጨው የሚቀመጥበትን ዕቃና ውሃ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ይጠይቅ። የአንድ ቤት ወንድማማቾች የሆኑት ፍሎሪን፥ ክሎሪንና አዮዲን በመጠናቸው ሲሆኑ ሕይወትን ይጠብቃሉ፤ ከመጠን ሲጎድሉ ወይም ሲያልፉ ይጎዳሉ። መጠንን የሚያውቅና ለባልንጀራው የሚያሳውቅ ሰው ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ይባላል።