ድምፅ ሳያሰማ የሚወዳደር ሙዚቀኛ

ሯጭ በእግሩ፥ ዘፋኝ በጉሮሮው፥ ክራር መቺ በጣቱ ይወዳደራል። ነገር ግን አንዲት ድምፅ እንኳ ሳያሰማ በሙዚቃ ውድድር ገብቶ የሚያሸንፍ ሰው አለ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ይህ ሰው የኦርኬስትራ መሪ ነው። በእጁ ያለችው አንዲት ቀጭን በትር ብቻ ናት፤ ከፊቱ ግን ስድሳ ሰባ ሰዎች ቫዮሊናቸውንና መለከታቸውን ይዘው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

ብዙ ሰው መሪው እጁን የሚያወዛውዘው ለተመልካች ጌጥ እንዲሆን ይመስለዋል። ዋናው ሥራ የሚፈጸመው ግን ተመልካች ከመግባቱ በፊት፥ በልምምዱ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ከፊቱ የተዘረጋለት የራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ መሪው ግን የሁሉም ድርሻ አንዱ ካንዱ በታች ተደርድሮ የተጻፈበትን ትልቁን የኖታ መጽሐፍ ያነባል። በቀኝ እጁ ምቱን ይሰጣል፤ በግራ እጁ ይህን ከፍ፥ ያንን ዝቅ ያደርጋል። ከመጀመሪያው ምት ጥቂት ቀደም ብሎ እጁን በሚገባ ካላነሣ ስድሳው ሰው አብሮ ሊተነፍስ አይችልም፤ አብሮ ያልተነፈሰም አብሮ አይጀምርም።

ወጣቶች በዚህ ሙያ የሚፈተኑባቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በፈረንሳይ አገር የቤዛንሶን ከተማ ውድድር በ1951፥ በዴንማርክ ደግሞ የኮፐንሃገኑ በ1965 ተጀመረ። ተወዳዳሪው ከዚያ በፊት አይቷቸው ከማያውቅ ሙዚቀኞች ፊት ይቆምና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር አሻሽሎ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በአንዳንድ ውድድር ከሙዚቀኞቹ ኖታ ላይ ሆን ተብሎ ስሕተት ይገባበታል፤ ተወዳዳሪውም ከስድሳው ድምፅ መካከል ያንዱን ስሕተት ለይቶ ማረም አለበት። ለመጨረሻው ዙር የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ነገር ለደባርቅና ለዳባት፥ ለመካነ ብርሃንም ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በክብረ በዓል ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሁሉ የመሪጌታውን ሥራ አይቷል። በቀኝና በግራ የተሰለፉት ካህናት መቋሚያቸውን አብረው ሲያነሡና ሲጥሉ፥ ጸናጽሉና ከበሮውም በጊዜው ሲገባ፥ ያን ሁሉ የሚያስተባብር አንድ ጆሮና አንድ ዓይን አለ። ልዩነቱ መሪጌታው ራሱ ማዜሙ ነው። ፈተናም ቢሆን አለ፤ የድጓ ተማሪ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ለምስክርነት ጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። በዚያም የመምህሩ ጆሮ ዳኛ ነው። ቅዱስ ያሬድስ፥ ትውፊቱ እንደሚነግረን፥ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ በስሜን ተራራ አይደለምን?

አሁን ወደ ቤዛንሶን እንመለስ። በ1959 ከዳኞቹ ፊት የቀረበ ሴይጂ ኦዛዋ የሚባል የ24 ዓመት ጃፓናዊ ነበረ። አስቀድሞ ፒያኖ ይማር ነበር፤ ነገር ግን ራግቢ በሚባለው የኳስ ጨዋታ ጣቶቹ ስለ ተጎዱ ፒያኖውን ትቶ ሂዴኦ ሳይቶ ከተባሉት መምህር ዘንድ ኦርኬስትራ መምራትን ተማረ። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በጭነት መርከብ ነው፤ ከወደብ እስከ ፓሪስም በትንሽ ሞተር ቢስክሌት ተጓዘ። የውድድሩ መመዝገቢያ ቀን አልፎበት ነበር፤ በብዙ ልመና ገባና አንደኛ ወጣ። ከዚያም የቦስተን ኦርኬስትራ መሪ የነበሩት ሻርል ሙንሽ ወደ አሜሪካ ጠሩት። ይህንኑ ኦርኬስትራ ኋላ እርሱ ራሱ ከ1973 ጀምሮ 29 ዓመት መራው። በ2024 እስኪሞት ድረስም ስሙ በዓለም የታወቀ ሆነ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ሽልማት ሁሉን ያስገኛል ባልን ነበር። ነገር ግን በ1962 መጨረሻ ኦዛዋ በገዛ አገሩ በቶኪዮ የኤን ኤች ኬን ኦርኬስትራ ሲመራ ሙዚቀኞቹ ከእርሱ ጋር አንሠራም ብለው አደሙበት። በዚያ ኦርኬስትራ ፊት ዳግመኛ የቆመው በ1995 ነው። እንግዲህ ዳኞች ሽልማት ይሰጡ ይሆናል፤ እምነትን የሚሰጡ ግን ሙዚቀኞቹ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቬኔዙዌላ ነው። ጉስታቮ ዱዳሜል በ2004 በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ በጉስታቭ ማህለር ስም የተቋቋመውን ውድድር ሲያሸንፍ ዕድሜው 23 ነበር። ምሥጢሩ ምን ነበር? በአገሩ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 የጀመሩት፥ ድሀ ሀብታም ሳይለይ ልጆችን በኦርኬስትራ የሚያስተምር ድርጅት ነበረ። ዱዳሜልም ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ የወጣቶቹን ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ቫዮሊን የሚማር ልጅ ቫዮሊኑን ቤቱ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የመሪው መሣሪያ ግን ሰው ነው፤ ሰው በሌለበትም ሊለማመድ አይችልም።

በአገራችንስ? በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰምተው አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ኋላ፥ በ1955 በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት፥ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። ከኢትዮጵያውያን ደግሞ በ1938 የተወለዱት ዶክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ተምረው ተመለሱና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። «እረኛው ዋሽንተኛ» የተባለ የኦርኬስትራ ድርሰትም አላቸው፤ የስሜን እረኛ ይህን ስም ቢሰማ ስለ ማን እንደሚናገር ሳይነግሩት ያውቀዋል። የሀንጋሪን መንግሥት ታላቅ ኦርኬስትራ በ1967 መርተዋል። ለዚህ ግን ቡዳፔስት ድረስ መሄድ ነበረባቸው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የመሪነት ተሰጥዎ በየትኛውም አገር ሊወለድ ይችላል፤ የሚያድገው ግን የሚመራው ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። እኔ እንደ መምህርነቴ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ለወላጆች ቀን መዝሙር ሲዘጋጅ እኛ መምህራን የምንመርጠው ድምፀ መልካሙን ልጅ ነው። ከኋላ ቆሞ የዘገየውን የሚጠብቀውን፥ የፈጠነውንም በዓይኑ የሚገታውን ልጅ ልብ የሚለው የለም። ድምፁ ጎርናና ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው ግን የሃያ ሰው ድምፅ ባንድ ጊዜ ይሰማል።

ለዚህ ልጅ ስድሳ ሰው ልንሰጠው አንችልም። ስምንት ጓደኞቹን፥ አንድ ክፍልና በሳምንት አንድ ሰዓት ልንሰጠው ግን እንችላለን። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፥ ይህ ዕድል ካጋጠማችሁ ከሁሉ በፊት የጓደኞቻችሁን ትንፋሽ አድምጡ፤ እጃችሁን የምታነሡት ከዚያ በኋላ ይሁን።