የሕፃናት አስምና ያልተጠየቀችው እናት

አስም ያለባቸው ሕፃናት ከሆስፒታል ተሽሏቸው ወጥተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለምን እንደሚመለሱ ሲጠየቅ የሚቀርቡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ የመድኃኒት እጥረት፣ የባለሙያ ማነስና የመንገድ ርቀት። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከኦሞራቴ ወይም ከሐና የታመመ ሕፃን አቅፎ ጂንካ ሆስፒታል መድረስ ቀላል ስላልሆነ በደቡብ ኦሞ ይበልጥ ይከብዳሉ። ይሁን እንጂ ከሦስቱ የማያንስ ክብደት እያለው እምብዛም የማይነሳ አራተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሕመሙን ታሪክ በሙሉ የሚያውቀው ወላጅ እንደ መረጃ ምንጭ አለመቆጠሩ ነው።

አስም የአየር ቧንቧዎች ሥር በሰደደ ብግነት የተነሳ በቀላሉ እየተቆጡ የሚጠቡበት ሕመም ሲሆን፣ ዋና መለያው መመላለሱ ነው። በትንንሽ ልጆች ላይ በአንድ የደም ምርመራ ወይም በአንድ ራጅ አይረጋገጥም፤ ስፓይሮሜትሪ የተባለው የትንፋሽ አቅም መለኪያም ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እምብዛም አያገለግልም። ስለዚህ ባለሙያው የሚደገፈው በታሪኩ ላይ ነው፤ ሳሉ ሌሊት ይብሳል ወይ፣ በሩጫ ወይም በምድጃ ጭስ ይነሳል ወይ፣ አምናም በዚሁ ወቅት መጥቶ ነበር ወይ፣ ከቤተሰቡ እንዲህ የሚያመው አለ ወይ? ሌሊቱን ቁጭ ብላ የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ ያደረችው እናት ናት፤ ረፋዱ ላይ ባለሙያው ደረቱን ሲያዳምጥ ግን ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት የሳንባ ምችን ነው፤ ሕፃናትን በብዛት የሚገድል በሽታ በመሆኑም ይህ ትክክል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ሕፃን በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ አሞክሲሲሊን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ትሰጣለች። ነገር ግን በአስም የተያዘ ልጅም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ያለው ልጅ አስቀድሞ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት በየ15 እስከ 20 ደቂቃው እስከ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶት ትንፋሹ እንደገና እንዲቆጠር ያዛል፤ መድኃኒቱ ወይም ጊዜው በሌለበት ግን ይህ ደረጃ በቀላሉ ይዘለላል። በዚህ መንገድ አንድ ልጅ በዓመት አራት ጊዜ ቢመጣ አራት የሳንባ ምች ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ አራቱም አንድ ሕመም መሆናቸውን ልትናገር የምትችለው እናቲቱ ብቻ ናት። ካልተጠየቀች ልጁ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ጥቅም ሲመላለስበት ይኖራል፤ ብግነቱን የሚያበርደውና በየዕለቱ የሚሳበው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መድኃኒት ደግሞ አይታዘዝለትም።

ወላጅ ከሆስፒታሉ የራቀ አይደለም። አስታማሚ ተብሎ ከአልጋው ሥር ያድራል፣ ያበላል፣ ያጥባል፣ የጎደለ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ይመጣል፤ ራውንድ በሚባለው የሐኪሞች ጉብኝት ሰዓት ግን ከክፍሉ እንዲወጣ መደረጉ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ጉልበቱ ተፈልጎ ቃሉ ሳይፈለግ ይቀራል። በደቡብ ኦሞ በዚህ ላይ ቋንቋ ይጨመራል፤ ሐመርኛና አሪኛ ከኦሞቲክ፣ ዳሰነችኛ ከኩሽ፣ ሙርሲኛና ኛንጋቶምኛ ከናይሎ ሳሃራ ቤተሰብ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ በአማርኛ የሚጠይቅ ነርስ እነዚህን ሁሉ ይችላል ተብሎ አይጠበቅም። ትርጉሙ በአጋጣሚ በተገኘ ዘመድ፣ ተማሪ ወይም ጥበቃ ላይ ከወደቀ ታሪኩ ወደ «ያስለዋል» ይጠብባል፤ ሌሊቱም፣ ጭሱም፣ የአምናውም ሕመም ይቀራሉ።

ወላጅን ማሳተፍ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማስተማር ነው። ማስተማር ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 38 ጥናቶችን ያካተተ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ በአስም ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ለገቡ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሚሰጥ ትምህርት የኋላ ምልልስንና ተኝቶ መታከምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም በወረቀት ላይ የታተመ የአማርኛ ምክር ማንበብ ለማትችል እናት ምን ያህል እንደሚረዳ ያጠራጥራል። የበለጠ ተስፋ የሚጣልበት በእጅ የሚሠራ ነገር ነው። በኬፕ ታውን በሕፃናት ሐኪሟ ሄዘር ዛር የተመራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር እኩል እንደሚሠራ አረጋግጧል፤ ስፔሰር የሚረጨውን መድኃኒት ልጁ ቀስ ብሎ እስኪስበው የሚያቆይ ዕቃ ነው። የጠርሙሱ ሥር መድኃኒቱን በሚረጨው ኢንሄለር አፍ ልክ ይበሳል፣ ዙሪያው በሙጫ ይታሸጋል፣ ልጁ አንገቱን በከንፈሩ ይይዛል፤ ኢንሄለሩ ተንጦ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ልጁም አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። መብራት አይፈልግም። ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት እናቲቱ ራሷ ሠርታ በባለሙያው ፊት ብታሳይ፣ ያልገባት ነገር እዚያው ይታያል፤ ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል የሚለው የተለመደ ፍርሃትም ለመልስ ዕድል ያገኛል።

ጉዳዩ ሊቆይ የማይገባበት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ ጂንካም እያደገች ያለች ከተማ ናት፤ ሕመሙም አብሮ ሊበዛ ይችላል። ስለሆነም የሆስፒታል ኃላፊዎችና የጤና ቢሮ በጀት ሲይዙ ከአዲስ መሣሪያ በፊት ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ በሕክምና ቃላት የሠለጠኑ የሐመርኛ፣ የአሪኛ፣ የዳሰነችኛና የሌሎቹም ቋንቋዎች አስተርጓሚዎችን ይቅጠሩ፤ በሕፃናት ካርድ ላይም «ይህ ሕመም ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ መጣ?» የሚል በወላጅ ቃል የሚሞላ መስመር ያስገቡ።