የቆርቆሮ አጥር፣ ነፋስና የፈቃድ ወረቀት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚዘልቅ መንገደኛም ሆነ ከጃናሞራ ለገበያ የሚመጣ ገበሬ፣ ሕንፃ በሚሠራበት መንገድ ዳር ሲያልፍ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ማየቱ የተለመደ ነው። አጥሩ ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል። ጊዜያዊ በመሆኑም ብዙውን ጊዜ ያለ ስሌት ይቆማል። ለመሆኑ እንዲህ ላለው አጥር ፈቃድ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል? መልሱን ከሕጉ አስቀድመን በፊዚክስ እንፈልገው።

አጥሩ ሁለት ተግባር አለው፤ ሰው ወደ አደጋው እንዳይገባና አደጋው ወደ ሰው እንዳይወጣ ማድረግ። ከ9 ሜትር ከፍታ ያመለጠ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 1.36 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ሲያርፍም ፍጥነቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲያመልጥ በሰከንድ 3 ሜትር የጎን ፍጥነት ካለው፣ የሚያርፈው ከግድግዳው 4 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ የቆመ ባለ 2 ሜትር አጥር ድንጋዩን አያስቆመውም፤ በላዩ ያልፋል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ለእግረኛው ጠንካራ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አጥሩ ራሱ አደጋ እንዳይሆን ነው። የነፋስ ግፊት የአየር እፍጋት ግማሽ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሊያዘናጋን አይገባም። ነፋሱ በ15 በመቶ ብቻ ቢፈጥን፣ ከአየሩ መሳሳት የተገኘው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል።

በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 184 ፓስካል ግፊት ይፈጥራል። ምሰሶዎቹ በየ2.5 ሜትሩ ቢተከሉ፣ የአጥሩ ቁመት 2 ሜትር ቢሆንና የቅርጹን ቁጥር 1.2 ብንወስድ፣ አንዱ ምሰሶ የሚሸከመው የጎን ኃይል 1,100 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህም ከአንድ ኩንታል ክብደት ይበልጣል! ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ከፍ ቢል ኃይሉ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ፣ ምሰሶውን ከሥሩ የሚነቅለው ሞመንት ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። በበጋ በደረቅ አፈር የተተከለ ምሰሶ ደግሞ በሐምሌ አፈሩ ሲርስ ይላላል። መፍትሔውም ጉድጓዱን ማጥለቅ፣ ምሰሶውን ማቀራረብና ከውስጥ በኩል በባላ መደገፍ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ከሕንፃ ሹም ፈቃድ እንዲገኝ ደንግጎ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውንም በምድብ «ሐ» መድቦ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው ተማሪ ወይም እንጨት የተሸከመችው እናት የግንባታው ሠራተኞች አይደሉም። እነርሱን በተመለከተ ጥያቄውን ማንሳት ያለበት ፈቃድ ሰጪው ነው። በእንግሊዝ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ በመንገድ ዳር የሚገነባ ሰው እንዲያጥር በአንድ አንቀጽ ያዛል። በሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ አጥሩ ጸንቶ እንዲቆም ያስገድዳል። ሁለቱ ጉዳዮች መለየታቸው ተገቢ ነው፤ መታጠርና መጽናት አንድ አይደሉምና።

በእኛ አስተያየት የፈቃድ ማመልከቻው ላይ አንድ ገጽ ንድፍ ቢጨመር ይበቃል። ንድፉ የአጥሩን ቁመት፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት፣ የምሰሶዎቹን መራራቅ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የእግረኛውን መተላለፊያና አጥሩ የሚነሣበትን ቀን ያሳያል። ስሌቱን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ውድ አንባብያን፣ በሰፈራችሁ የሚገኘውን አጥር በሜትር ለክታችሁ ስሌቱን ሞክሩት፤ ውጤቱ የሚያሠጋ ከሆነም ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ።